ጎመኑ ከየት መጣ? ከየካ አባዶ እስከ ሰንዳፋ ለምንገበያይ

ዘንቢል ያዥ (ጥር 16)

ሰላም ጎረቤቶች። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ብሎካችንን ሌሊት የሚጠብቁ አንድ አባት አሉ። ባለፈው እሑድ ልብስ ላሰጣ ስወርድ ገመዱ ሥር ቆመው፣ «ይህ የእኔ የባቄላ ማሳ ነበር፤ ድንበሩ እስከዚያ ምሰሶ ድረስ ነው» አሉኝ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ልብሱን ላነሳ ስመለስ ሳልጠራ ሰው ግቢ የገባሁ ያህል ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። እሳቸው ማሳቸው ላይ ከሌሉ የእኔ ባቄላ አሁን ከየት ነው የሚመጣው? ጉሊት በወጣሁ ቁጥር መጠየቅ ጀመርኩ። ስለ ጎመኑ «ከየት ነው?» ስላት ሻጯ «ከገጠር» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሳቀች። ጎመኑ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ በዚህ በበጋ ውኃ እየጠገበ ያደገ ነው። በተበከለው በአቃቂ ወንዝ ስለሚለማው አትክልት የሚወራውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ገዛሁት፤ ቤት ወስጄ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ከዚያ ሳልቀቅለው አደረ።

መሬቱን ለልጁ ለማቆየት ብሎ ከሚያርስ ሰው ብገዛ ደስ ይለኛል። ግን ጉሊት ላይ የማን ምርት የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ደመወዛችንም የተቆጠረ ነው፤ ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። የአንድ ቤት አስቤዛ ለአንድ ገበሬ ምን ያደርግለታል? ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።


ሒሳብ ይቅደም (ጥር 16)

እህቴ፣ ሐሳብሽ መልካም ነው፤ ኪስ ግን ሐሳብ አይሰማም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የቤቴንም አስቤዛ በደብተር ነው የምይዘው። አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ በላስቲክ የታሸገ ሰላጣ «ኦርጋኒክ» ተብሎ ከጉሊቱ በአራት እጥፍ ሲሸጥ አይቻለሁ። ማን እንዳረጋገጠው ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ይህ ገንዘብ ተርፎት ለሚኖር ሰው የተሠራ ጨዋታ ነው። አንቺ ርካሹን ግዢ፣ በደንብ እጠቢ፣ የተረፈሽን ለልጆችሽ ደብተር አድርጊው።


የእርሻ ጡረተኛ (ጥር 17)

ልጄ ዘንቢል ያዥ፣ ጥያቄሽን ሌሊት አነበብኩትና እንቅልፌ ሄደ። በሆለታና በበቾ ዙሪያ 31 ዓመት ከገበሬ ጋር ሠርቻለሁ። ሦስት ጊዜ አጥበሽ ያልቀቀልሽውን ጎመን በተመለከተ የማውቀውን ልንገርሽ።

ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ነው። መንገዳቸው ላይ የቆዳ ፋብሪካ፣ ልዩ ልዩ ኢንዱስትሪ፣ ጋራዥ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ አለ። በወንዙ የሚያጠጣው ገበሬ ጥፋተኛ አይደለም፤ ብዙዎቹ ፋብሪካው ሳይኖር ጀምሮ እዚያው ያለሙ ነበር። ውኃው ነው የተለወጠባቸው። ችግሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጀርምና የትል እንቁላል ነው፤ ይህን መቀቀል ይገድለዋል፤ ስለዚህ በጥሬው ከምትበይው ሰላጣ ይልቅ የተቀቀለ ጎመን ይሻላል። ሁለተኛው እንደ ክሮሚየም ያለው ከባድ ብረት ነው። እሱ ከአፈሩ ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፤ ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም። ቅጠል ከፍሬ የበለጠ ይሰበስበዋል፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ከቲማቲም ይበልጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ «የምን ውኃ ነው የሚጠጣው?» የሚለውን ጥያቄ ለቅጠል አስቀድሚው። «ከየት ነው?» ስትያት «ከገጠር» ብላሻለች፤ «ጉድጓድ ነው ወንዝ?» ብትያት ግን ቶሎ አትመልስልሽም፤ ታስባለች። ያ ማሰብ ራሱ መልስ ነው።

ስለ «ኦርጋኒክ» ወንድማችን የተናገረው እውነት አለው። ሕግ አለን፤ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ይባላል። ግን የምስክር ወረቀት ያለው ምርት ስትፈልጊ የምታገኚው ወደ ውጭ የሚላክ ቡና ላይ ነው እንጂ ጉሊት ላይ አይደለም። ስለዚህ የታተመ ጽሑፍ አትፈልጊ።

አሁን ወደ ባቄላው። ለመሬቱ ብለሽ አንድ ነገር ብቻ መግዛት ካለብሽ ጥራጥሬ ግዢ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ ሥሮቻቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጂን ከአየር ይወስዳሉ፤ ከእነሱ በኋላ የሚዘራው ጤፍ ወይም ስንዴ ተርፎ የቀረውን ያገኛል። ሽምብራማ ጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ብቻ ይደርሳል፤ ይኸው በጥር እሸቱን በየመንገዱ ዳር እየፈለፈልሽ የምትበይው እሱ ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ለምን ጤፍ በጤፍ ላይ፣ ስንዴ በስንዴ ላይ ይዘራል ታዲያ? ባቄላው ገዢ ሲያጣ ነው። ሰብል ማፈራረቅ የሚቀጥለው የሁለተኛው ዓመት ሰብልም ገበያ ካለው ብቻ ነው። የአንቺ ሽሮ ማዳበሪያ ነው ብልሽ የተጋነነ አይምሰልሽ።


የጉሊቷ ልጅ (ጥር 17)

ጋሼ የእርሻ ጡረተኛ፣ ለመልሱ አክብሮት አለኝ። ግን ሁላችሁም ስለ ጉሊት ስታወሩ እናቴ አትታያችሁም።

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ጃን ሜዳ ሲዛወር፣ ከጃን ሜዳ ደግሞ ወደ ላፍቶ ሲሄድ እናቴ አብራው ዞራለች። ከየካ አባዶ ላፍቶ ድረስ! ከቤት የምትወጣው ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ነው። የምትገዛው በጨለማ፣ በስልክ መብራት ነው። ቲማቲሙ ከመቂ ይሁን ከባቱ፣ ማን ረጨው፣ መቼ ለቀመው፣ ለእሷ የሚነግራት የለም። ደላላው ራሱ ገበሬውን ላያውቀው ይችላል። «ከገጠር» የምትለው ልትዋሽ ብላ አይደለም፤ የምታውቀው ያን ያህል ስለሆነ ነው።

ገዢውን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከመደቡ ኋላ ሆኜ ያየሁት ነው። ሴትዮዋ ትመጣለች፤ ቲማቲሙን አንድ በአንድ በጣቷ ትጫናለች፤ ጠቃጠቆ ያለበትን ወደ ጎን፣ ትንሹን ወደ ጎን፣ ሁለት እግር ያወጣውን ካሮት ወደ ጎን። የቀረውን ታስመዝንና ምርቃት ትጠይቃለች። ማታ ያ ወደ ጎን የተገፋው ሁሉ የእናቴ ኪሳራ ነው። በማግስቱ እናቴ ላፍቶ ላይ ምን ታደርጋለች? ጠቃጠቆ የሌለበትን፣ ትልቁን፣ እኩል የሆነውን ትመርጣለች። ነጋዴውም ለገበሬው ይህንኑ ይነግረዋል። ገበሬውም ጠቃጠቆ እንዳይወጣበት እስከ ለቀማው ቀን ይረጫል። ከዚያ እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ «መድኃኒት በዛበት» ትላላችሁ። ማን አስበዛው?


ሒሳብ ይቅደም (ጥር 17)

የመጨረሻውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቴ ከእነዚያ ጣት ከሚጫኑት አንዷ ናት፤ እኔም ዘንቢሉን ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ። ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።


የእርሻ ጡረተኛ (ጥር 18)

የጉሊቷ ልጅ፣ እጅ ነስቻለሁ፤ እኔ 31 ዓመት ለገበሬው ስናገር ለገዢው የተናገርኩበት ቀን የለም። መድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ገበሬው ብዙ ጊዜ በማያነበው ቋንቋ ነው የተጻፈው፤ ቢያነበውም ነጋዴው መኪና ይዞ ደጁ ላይ ከቆመ አይጠብቅለትም። ጠቃጠቆ ያለበትን ቲማቲም ለወጥ የሚገዛ ሰው፣ ሳያውቀው አንድ ርጭት ያስቀራል።

ሌላም አለ። ድንች ስትገዙ ስሙን ጠይቁ። «በለጠ» እና «ጉደኔ» የሚባሉት የሆለታ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዝርያዎች ናቸው፤ ከብዙዎቹ የድሮ ዝርያዎች ይልቅ የድንች ዋግን ይቋቋማሉ። ዋግ በክረምት ዝናብ ሌሊቱን ማሳውን አቃጥሎ የሚያድር በሽታ ነው፤ ገበሬው በየሳምንቱ የሚረጨው እሱን ፈርቶ ነው። የሚቋቋመውን ዝርያ የዘራ ያነሰ ይረጫል። እኛ ግን ድንች በቆዳው ቀለምና በጭቃው እንጂ በስሙ ገዝተን አናውቅም። ጤፍ ሲሆን ግን እናውቃለን! «ማኛ ነው? የአድኣ ነው?» እንላለን። ነጭ ጤፍ ካልሆነ እንግዳ አይቀርብለትም። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» እንደዚያ ቶሎ የተስፋፋው ምርቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ነጭ ስለሆነም ነው። ሰርገኛና ቀይ ጤፍ በነጩ ዋጋ ፊት አንገታቸውን ደፍተዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሰርገኛ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ቢበዛ ገበሬው ዝርያውን ከጎተራው አያጠፋውም። ለኪስም ይቀላል፤ ወንድማችን ደብተሩ ላይ ያስላው።


ማር ነጋዴ (ጥር 18)

ንጹህ የጫካ ማር በጅምላም በችርቻሮም


አወያይ (ጥር 18)

ማር ነጋዴ፣ ለማስታወቂያ ሌላ ክር አለ። ስልክ ቁጥሩን አንስቼዋለሁ።


የሰንዳፋ ወተት (ጥር 22)

ይህን ክር ያሳየችኝ ልጄ ናት። ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ አምስት የሚታለቡ ድቅል ላሞች አሉኝ፤ ትንሽ ስንዴና ባቄላም አርሳለሁ። እናንተ ስለ ቅጠልና ቲማቲም አወራችሁ። እኔ የማውቀው ወተት ነው።

ሰኞ ነነዌ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን። እኔም እጾማለሁ፤ ቤተሰቤም ይጾማል። ላሚቱ ግን አትጾምም። ጠዋትም ማታም ትታለባለች፤ ድርቆሹን፣ ፉርሽካውን፣ ፋጉሎውን ትበላለች። በፍስክ ወር ወተቴን የሚለምነኝ ሰብሳቢ ጾም ሲገባ «ግማሹን ብቻ» ይላል፤ ዋጋውንም ይቀንሳል። ሌሎቹን አጽዋማትና ረቡዕና ዓርብን ብትደምሩበት በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ጾም ነው። ለእኔ ግማሽ ዓመት ገበያ የለም ማለት ነው።

አሁን ይህ ከመሬት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ገንዘብ ሲያጥረኝ መጀመሪያ የምቀንሰው መኖ ነው። በደህናው ጊዜ ደረቅና ንጹህ የኑግ ፋጉሎ አመርጣለሁ፤ ሲያጥረኝ እርጥበት የነካውን፣ ርካሹን አነሳለሁ። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ባለሙያዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና መርምሮ ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አግኝቶ ነበር። ምንጩ በዋናነት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ወሬው ሲሰማ ከተሜው ወተት ተወ፤ እኛም ለጥጃ አጠጣነው። መርዙ ማፍላት የማያጠፋው ዓይነት ነው። መፍትሔው መጋዘን ላይ ነው፤ ደረቅ ወለል፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ አየር። እሱ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ወተቴን በጾም ጊዜም በቋሚ ዋጋ የሚወስድ ሰው ባገኝ ያንን መደርደሪያ እሠራ ነበር። ሁለት ዓመት አስቤው አልሆነልኝም።

ሁለተኛው ነገር እበቱ ነው። ሲቸግረን ሴቶቹ ኩበት አድርገው ለከተማ እንጀራ ጋጋሪ ይሸጡታል። ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት እናንተ ምጣድ ሥር ነደደ ማለት ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ግማሹን ብስባሽ አድርጌ ለባቄላው ማሳ አውጥቼዋለሁ፤ አፈሩ በመዳፌ ስይዘው ልዩነቱ ይታወቀኛል። ግን ኩበት በዕለቱ ገንዘብ ነው፤ ብስባሽ ወሩን ቆጥሮ ነው የሚከፍለው።


የሰሚር እናት (ጥር 22)

የሰንዳፋው ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ በደንብ አስረድተኸናል። እኔም የካ አባዶ ነኝ፤ ከዘንቢል ያዥ ብሎክ ማዶ። ዘንድሮ ረመዳንም ዐቢይ ጾም በሚገባበት በዚያው ሳምንት ይገባል። እኛ ለማፍጠሪያ ወተት እንፈልጋለን፤ ለሕፃናትም፣ ለሱሑርም። በእኛና በሁለቱ አጎራባች ብሎኮች ብቻ አሥራ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ አውቃለሁ። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶችም አሉ፤ እነሱ ጾሙ የላቸውም። የእናንተ ሕፃናትም ቢሆኑ አይጾሙም። እዚህ ታሽጎ የሚሸጠውን ወተት ከምንሰለፍለት ለምን ከአንተ አንወስድም? በቀን ስንት ሊትር ይበቃሃል?


የሰንዳፋ ወተት (ጥር 22)

እህቴ፣ 25 ሊትር ብትወስዱልኝ ቀሪውን ለሰብሳቢው እሰጣለሁ። ዋጋውን ጾም እስኪፈታ አልለውጥም። ጠዋት ከሰንዳፋ የሚነሳ ሚኒባስ አለ፤ ሹፌሩ ዘመዴ ነው።


ሒሳብ ይቅደም (ጥር 23)

ልጠይቅ፣ ለክፋት አይደለም። ውኃ አለመቀላቀሉ በምን ይታወቃል? «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆንብን።


የሰንዳፋ ወተት (ጥር 23)

ጥያቄው አያስቀይመኝም፤ ሰብሳቢውም በየቀኑ ይለካኛል። ላክቶሜትር የሚባል መለኪያ አለ፤ ወተቱ ውስጥ ሲንሳፈፍ ቁጥሩን ያሳያል። ገዝታችሁ እዚያው አስቀምጡት። ከሚገባው በታች ካሳየ መልሱልኝ፤ አልከራከርም። ቀዝቃዛና ትኩስ ወተት ቁጥሩን እንደሚለዋውጠው ብቻ እወቁልኝ።


ዘንቢል ያዥ (የካቲት 1)

ቤት ለቤት እየዞርኩ ስም ጻፍኩ። የሰሚር እናት ብሎኳን ይዛለች፤ እኔ የእኛን። ሃያ ሁለት ሊትር ደርሷል። እኔ ራሴ የምወስደው ለልጆቹ አንድ ሊትር ብቻ ነው፤ እኛ እንጾማለን። ስዞር ያየሁትን ልናገር፦ ሰዎች «የተፈጥሮ ግብርና» ስላቸው ዓይናቸው ይርቃል። «የሰንዳፋ ሰው ነው፤ አምስት ላም አለው፤ በጾም ገዢ ያጣል» ስላቸው ግን እስክሪብቶ ይጠይቁኛል።

የለገዳዲ ነገር ያነሳብኝ አንድ ጎረቤትም አለ፤ ጋሼ የእርሻ ጡረተኛ ቢያስረዱን። «እነዚያ ማሳዎች ከቧንቧችን ጋር ይገናኛሉ» ሲል አልገባኝም።


የእርሻ ጡረተኛ (የካቲት 1)

ጎረቤትሽ አዋቂ ነው። ከለገጣፎ አለፍ ብሎ ያለው የለገዳዲ ግድብ፣ በኋላ ከተሠራው ከድሬ ግድብ ጋር ሆኖ፣ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ወደ ግድቡ የሚፈስሰው በዚያ ዙሪያ ካለው እርሻና ግጦሽ ላይ የወረደው ዝናብ ነው። ተዳፋት ላይ እርከን የሌለው ማሳ በክረምት አፈሩን ይለቃል፤ አፈሩ ግድቡ ውስጥ ይተኛል፤ ውኃው ይደፈርሳል፤ ለማጣሪያው ኬሚካል ይጨመራል። ስለዚህ በዚያ ወገን እርከን ሠርቶ፣ ባቄላ አፈራርቆ፣ እበቱን ለማሳ ያወጣ ገበሬ ለአንቺ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ለምሳሽ፣ አንድ ጊዜ ለቧንቧሽ። የመጀመሪያውን ብቻ ነው የምትከፍይው።


የሰሚር እናት (የካቲት 14)

የመጀመሪያው ሳምንት ሪፖርት። ረመዳን ከገባ ወዲህ ሦስት ቀን ጥሩ፤ አራተኛው ቀን ጠፋ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ወተቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሳፈላው ተቆረሰ። አሥራ አራት ሊትር! አንድ ጎረቤት «ገንዘቤን መልሱ» ብላ ጮኸችብኝ፤ ማፍጠሪያ ቀርቦ ስለነበር እኔም ጮህኩ። አሁን ታርቀናል። የተቆረሰውን አይብ አውጥቼ አከፋፈልኩት። የሰንዳፋውን ወንድማችንን ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ወተቱ በፕላስቲክ ጀሪካን ነው የመጣው።


የሰንዳፋ ወተት (የካቲት 14)

ጥፋቱ የእኔ ነው። የአልሙኒየሙ ዕቃ ለሰብሳቢው ተሰጥቶ ነበርና ጀሪካን ተጠቀምኩ። የጀሪካን አንገቱ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባበትም፤ ውስጡ ንጹህ ሆኖ አይታጠብም። ሚኒባሱ ባይዘገይም ይቆረስ ነበር። የአሥራ አራቱን ሊትር ዋጋ ከዚህ ሳምንት ሒሳብ ቀንሱ። ሁለተኛ የአልሙኒየም ዕቃ ገዝቻለሁ፤ ከነገ ጀምሮ በእሱ ነው የምልከው።


የጉሊቷ ልጅ (የካቲት 15)

በዚሁ አጋጣሚ፣ እናቴ ሰኞና ሐሙስ ከሰንዳፋ በኩል የሚመጣ ካሮትና ድንች ማምጣት ጀምራለች፤ ያው ሚኒባስ ነው። ጠቃጠቆ ያለበትንና ባለ ሁለት እግሩን ለብቻ መደብ አድርጋ በቅናሽ ታስቀምጠዋለች። የመጀመሪያው ቀን ማንም አልነካውም። ሁለተኛው ቀን «ለሾርባ» ብላ ጮክ ብላ ስትጠራ አለቀ። ቃሉ ነው የጎደለው እንጂ ካሮቱ ያው ካሮት ነው።


ሒሳብ ይቅደም (የካቲት 18)

ቃል ገብቼ ነበርና ይኸው። የደብተሬን ሁለት ሳምንት አወዳደርኩ። የታሸገ ሽሮ መግዛት ትተን ሽምብራና ባቄላ በኪሎ ገዝተን፣ ባለቤቴ ለቅማ፣ ቆልታ፣ በቅመም አዘጋጅታ አስፈጨችው። የወፍጮውንና የቅመሙን ብጨምር እንኳ ከታሸገው ቀነሰ። የባለቤቴን ድካም ግን አልቆጠርኩም፤ ስነግራት እሷ አስቆጠረችኝ። ሰርገኛ ጤፍ ስናስጋግር ልጆቹ መጀመሪያ ቀን «ምንድን ነው ይህ?» አሉ፤ ሁለተኛው ቀን ምንም አላሉም። አትክልት ላይ ምንም አላተረፍኩም፤ አልከሰርኩምም። ቀድሞ የሀብታም ጨዋታ ያልኩትን ለታሸገው ሰላጣ ብቻ አድርጉት።


የሰንዳፋ ወተት (የካቲት 20)

አንድ ጭንቀት አለኝ። ረመዳን መጋቢት አሥር ገደማ ያልቃል። ፋሲካ ግን ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነው። በመካከል ያሉትን ሦስት ሳምንታት የእህቶቼ ቤት ፍጆታ በግማሽ ይወርድብኛል። ከአሁኑ ብናስብበት።


ዘንቢል ያዥ (የካቲት 20)

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ከእናቴ ቤት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ የፋሲካን ቅቤ ዋዜማው ላይ ገዝታ አታውቅም፤ በጾሙ መሐል ትገዛና አንጥራ ታስቀምጣለች። በጾም ዋጋው ይረክሳል፤ ዋዜማው ላይ ይሰቀላል። እኛ ጿሚዎች ወተት መጠጣት አንችልም እንጂ ቅቤ ማዘዝ ማን ከለከለን? ወንድሜ፣ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የሚተርፍህን ናጠው። እኛ ግማሹን ከአሁኑ እንክፈልህ፤ ቅቤውን ከሆሣዕና በፊት አድርስልን። ዋጋው በመካከል ይሁን፤ ከዋዜማው የቀነሰ፣ ከጾሙ የጨመረ።


የሰንዳፋ ወተት (የካቲት 21)

እህቴ፣ ባለቤቴ ይህን ስታነብ «የዚህች ልጅ እናት ትኑር» አለች። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ወደ 20 ሊትር ወተት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከ15 ኪሎ በላይ ቃል አልገባም። በቅድሚያ ክፍያው የፋጉሎውን መደርደሪያ እጀምራለሁ፤ እንጨቱን ቀድሞውንም ጠርቤ አስቀምጬዋለሁ። አሬራውን የሚፈልግ ካለ በነጻ ነው፤ ዕቃ ይዞ ይምጣ።


የእርሻ ጡረተኛ (የካቲት 21)

ለእኔ አንድ ኪሎ። አሬራውንም እፈልጋለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ግን።


የሰሚር እናት (የካቲት 21)

እኛም ሁለት ኪሎ፤ ለኢድ ሳይሆን ለቤት።


ሒሳብ ይቅደም (የካቲት 22)

ግማሽ ኪሎ ጻፉልኝ። ክፍያውን ዛሬ አደርሳለሁ። ደረሰኝ እፈልጋለሁ።


የሰንዳፋ ወተት (የካቲት 22)

ደረሰኝ የለኝም ወንድሜ። ስምዎን በደብተር ጽፌዋለሁ፤ ሲመጡ ደብተሩን ያያሉ። ቅቤውን የምጠቀልልበት ኮባ እዚህ አጥቻለሁ፤ የካ አባዶ ጓሮው ኮባ ያለው ሰው ካወቁ ይንገሩኝ።